የውጭ ኩባንያ ወይስ የአገር ውስጥ? ስለ ግል መረጃ ደኅንነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በመሥሪያ ቤታችን ክርክር ተነሥቷል። ገሚሱ፣ የውጭ ኩባንያዎች መረጃችንን ለመንግሥታቶቻቸው ስለሚያቀብሉ የመልእክት መላላኪያችንንም የሰነድ ማስቀመጫችንንም ወደ አገር ውስጥ ኩባንያ እናዛውር ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ ሊያስረኝም ከሥራ ሊያስባርረኝም የማይችል ሩቅ መንግሥት መረጃዬን ቢያየው ይሻለኛል ብሎ ይሟገታል። በባለሙያ ዐይን ትክክሉ የትኛው ነው?»

ሁለቱም ወገኖች እውነተኛ ሥጋት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ለኩባንያው ዜግነት ከሚገባው በላይ ክብደት ሰጥተውታል። በመረጃ ጥበቃ ሥራ አንድን አገልግሎት ስንመዝን የምንነሣው ከሌላ ቦታ ነው። ኩባንያው መረጃውን እንዲያስረክብ ማን ሊያስገድደው ይችላል? የተረከበው አካል በመረጃው ባለቤት ላይ ምን ማድረግ ይችላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ኩባንያው ሊያስረክበው የሚችለው ነገር መጀመሪያውኑ በእጁ አለ ወይ? ዜግነት ለመጀመሪያው ጥያቄ ከፊል መልስ ይሰጣል። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው። ለሦስተኛው ግን ምንም መልስ የለውም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማስገደዱ ልጀምር። የቻይና ኩባንያዎችን የሚፈሩ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት የ2017ቱን የቻይና ብሔራዊ የስለላ ሕግ ነው፤ አንቀጽ 7 ማንኛውም ድርጅትና ዜጋ የመንግሥትን የስለላ ሥራ እንዲደግፍ፣ እንዲረዳና እንዲተባበር ያዛል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ነገር ግን የውጭ አገር ሰዎችን መረጃ ከራሷ ኩባንያዎች በሕግ የምትቀበል አገር ቻይና ብቻ አይደለችም። ቀድሞ ለአሜሪካ የስለላ ተቋማት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ይፋ ያደረጋቸው ሰነዶች የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ፕሪዝም በተባለው መርሐ ግብር የማይክሮሶፍትን፣ የጎግልን፣ የፌስቡክን፣ የአፕልንና የሌሎችን ኩባንያዎች ደንበኞች መረጃ እንደሚያገኝ አሳይተዋል። ኩባንያዎቹ «በቀጥታ ወደ ሰርቨሮቻችን የሚገባ የለም» ብለው ቢያስተባብሉም፣ የሥራው ሕጋዊ መሠረት፣ ማለትም በ2008 የወጣው የውጭ ስለላ ሕግ ክፍል 702፣ የተሰወረ አልነበረም። ይህ ክፍል ከአሜሪካ ውጭ የሚገኝ አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው ለስለላ ዒላማ ሲደረግ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲወጣ አይጠይቅም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም ያው ነው» ማለት ግን በእኔ ግምት ስንፍና ነው። አንድ ኩባንያ ትእዛዝ ሲደርሰው ከመንግሥት ነጻ በሆነ ፍርድ ቤት ሊከራከር መቻሉና አለመቻሉ፣ ጋዜጦች ስለ ጉዳዩ መጻፍ መቻላቸውና አለመቻላቸው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ማይክሮሶፍት ደብሊን፣ አየርላንድ በሚገኝ የመረጃ ማዕከል የተቀመጠ የኢሜይል ይዘት እንዲያስረክብ በ2013 የተሰጠውን ማዘዣ ተቃውሞ የአሜሪካን መንግሥት ሞግቷል፤ በ2016 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ረቷል። ድሉ ግን ብዙ አልቆየም። ኮንግረሱ በ2018 ክላውድ አክት የተባለውን ሕግ አወጣና፣ በአሜሪካ ሕግ ሥር ያለ ኩባንያ በእጁ ወይም በቁጥጥሩ ሥር ያለውን መረጃ፣ መረጃው በየትኛውም አገር ቢቀመጥ፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ሲደርሰው እንዲያስረክብ ደነገገ። የዚህ ክስ ታሪክ ለእናንተ ክርክር በቀጥታ ይጠቅማል፤ ሰርቨሩ የተተከለበት አገር ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን፣ ወሳኙ ሰርቨሩን የሚያዘው ማን እንደሆነ ያሳያልና። «መረጃው እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚቀመጠው» የሚል ሻጭ ሲመጣባችሁ ይህን አስታውሱ።

አውሮፓውያን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ በፍርድ ቤት ሲመላለሱበት ኖረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚደረግን የመረጃ ዝውውር የሚፈቅዱ ሁለት ተከታታይ ስምምነቶችን፣ አንዱን በ2015፣ ሌላውን በ2020 ውድቅ አድርጓል፤ በምክንያትነት ከጠቀሳቸው ነገሮች ዋነኞቹ የአሜሪካ የስለላ ሥልጣን ስፋትና የውጭ አገር ሰው አቤት የሚልበት በቂ መንገድ ማጣቱ ነበሩ። በ2023 የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በዚሁ የዝውውር ጉዳይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ። ይኸው ኮሚሽን በ2025 ቲክቶክን 530 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ የአውሮፓውያንን መረጃ ቻይና ያሉ ሠራተኞች ከሩቅ እያዩት ሳለ በቂ ጥበቃ እንዳለ ኩባንያው አላረጋገጠም ብሎ። በዚያ ምርመራ ወቅት ቲክቶክ መረጃው በቻይና ሰርቨሮች እንደማይቀመጥ ሲናገር ቆይቶ፣ ኋላ ላይ ጥቂት መረጃ በእርግጥ እዚያ ተቀምጦ እንደነበር ለኮሚሽኑ አስታውቋል። በሁለቱም ጉዳዮች የተቀጣው ኩባንያ ባዕድ ስለሆነ አልነበረም። የተመዘነው መረጃው ሲሻገር ምን ዓይነት የሕግ ጥበቃ ይከተለዋል በሚለው ሲሆን፣ መለኪያውም ለአሜሪካዊውና ለቻይናዊው አንድ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም መረጃው በእናንተ ላይ ምን ሊያስከትል ይችላል ወደሚለው ልሻገር። የባልደረቦችዎ ሁለተኛው ወገን ትልቁ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ግብር የሚጠይቅዎ፣ ፈቃድ የሚሰጥዎና የሚከለክልዎ፣ የሚከስዎ፣ ድንበር ላይ የሚያቆምዎ መንግሥት የሚኖሩበት አገር መንግሥት ነው። ለአብዛኛው ሰው የግል መልእክቱ የሚያስከትለው ጉዳት የሚመጣው ከቅርብ ነው፤ ከመንግሥት፣ ከአሠሪ፣ ከኢንሹራንስ፣ አንዳንዴም ከገዛ ቤተሰብ። በ2022 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ፖሊስ የአንዲት እናትና የልጇን የፌስቡክ መልእክቶች በፍርድ ቤት ማዘዣ ከኩባንያው ተቀብሎ፣ ከጽንስ ማቋረጥ ጋር በተያያዘ ክስ ማስረጃ አድርጎ አቅርቧቸዋል። ኩባንያው የአገር ውስጥ ነው፤ ማዘዣውም ሕጋዊ ነበር። የባዕድ ስለላ በዚህ ታሪክ ውስጥ የትም የለም።

ይሁን እንጂ ርቀት የሚሰጠው ከለላ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። የመጀመሪያው፣ መንግሥታት ይተባበራሉ። የእንግሊዝና የአሜሪካ መርማሪዎች በሌላው አገር ካሉ ኩባንያዎች መረጃ በቀጥታ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ስምምነት ከ2022 ጀምሮ ይሠራል፤ ሩቅ ያለ ኩባንያም በአንድ ገበያ መቆየት ከፈለገ ለዚያ ገበያ ሕግ ይገዛል። አፕል በቻይና ያሉ ደንበኞቹን የአይክላውድ (የአፕል የበይነ መረብ ማስቀመጫ) መረጃ በ2018 ወደ ጉዪጆ ግዛት፣ በአካባቢው ኩባንያ ወደሚተዳደር ማዕከል ያዛወረው በዚህ ምክንያት ነው። በ2025 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የመረጃ መክፈቻ እንዲሰጠው በምስጢር ማዘዙ ከተዘገበ በኋላ፣ ይኸው ኩባንያ ጠንካራውን የአይክላውድ ምስጠራ በዚያ አገር ላሉ ተጠቃሚዎች ማቅረቡን አቁሟል። ሁለተኛው ቀዳዳ፣ «ሩቁ አይነካኝም» የሚለው ለሁሉም ሰው እውነት አለመሆኑ ነው። ስደተኛ ጋዜጠኛ፣ የመንግሥትን ምስጢር የሚያውቅ ባለሥልጣን፣ ወታደር፣ የጨረታ ተደራዳሪ፣ የምርምር ውጤት የያዘ መሐንዲስ፣ እነዚህ ሁሉ የሚፈሩት በትክክል ሩቁን ነው። የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የቻይናው ባይትዳንስ ሠራተኞች የውስጥ ምስጢር ማን እንዳሾለከ ለማወቅ የጋዜጠኞችን የቲክቶክ አካውንት መረጃ ያለ ፈቃድ ማየታቸውን ኩባንያው ራሱ በ2022 መጨረሻ አምኗል፤ በድርጊቱ ከሥራ የተባረሩት አራት ሠራተኞች ሁለቱ በቻይና፣ ሁለቱ በአሜሪካ የሚሠሩ ነበሩ።

ከዚህ ጉዳይ ጋር ልታስተያዩት የሚገባ ሌላ ክስ አለ። በ2019 የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ ሁለት የቀድሞ የትዊተር ሠራተኞችን ለሳዑዲ ዓረቢያ በመሰለል ከሰሰ፤ የመንግሥት ተቺዎችን አካውንት መረጃ ከውስጥ እየመዘዙ አሳልፈዋል ተብለው ነበር፤ አንደኛው በ2022 ጥፋተኛ ተባለ። ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) በዚያን ጊዜ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነበር። ባለቤትነቱም፣ ሰርቨሩም፣ ሕጉም የአሜሪካ ሆኖ ሳለ መረጃው ወደ ሦስተኛ አገር ሄደ፤ ምክንያቱም ሥራው የማይጠይቀው ሠራተኛ የተጠቃሚን ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ማየት ይችል ነበር። የውስጥ ፈቃድ ቁጥጥር፣ ማለትም የትኛው ሠራተኛ ምን ማየት እንደሚችልና ያየውም መመዝገቡ፣ በአደባባይ ክርክር ውስጥ ስሙ እንኳ አይነሣም። በእኔ ሚዛን ግን ከባንዲራው ይበልጣል።

የመጀመሪያው ወገን፣ «የአገር ውስጥ ኩባንያ ቢያንስ በአገራችን ሕግ ይጠየቃል» ሲል እውነት አለው። የሚከሰስ ድርጅት፣ የሚታወቅ አድራሻና ሊቀጣ የሚችል ተቆጣጣሪ ቀላል ነገር አይደሉም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፌስቡክን በ2019 በ5 ቢሊዮን ዶላር የቀጣው፣ ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎችን መረጃ ማግኘቱ ከታወቀ በኋላ ነበር። ቻይና ደግሞ የራሷን የታክሲ ጥሪ ኩባንያ ዲዲን በ2022 ከ8 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ቀጥታለች። ሆኖም በዲዲ ላይ ምርመራው የተከፈተው በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በተመዘገበ በቀናት ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቅጣቱ የተሳፋሪዎችን መብት ከማስከበር ይልቅ የመንግሥትን የደኅንነት ሥጋት ያንጸባርቃል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። እንግዲህ የአገር ውስጥ ሕግ ዋስትና የሚሆነው ተቆጣጣሪው መንግሥትን ራሱን «አይሆንም» ሊል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። ካልሆነ ግን የሚጠብቅዎት የመንግሥትን ጥቅም ከኩባንያው እንጂ እርስዎን ከሁለቱ አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ መረጃው በሰበሰበው ኩባንያ እጅ ይቆያል በሚል ግምት ነው። አይቆይም። ይህ በእኔ እምነት የጠቅላላው ክርክር እምብርት ቢሆንም፣ ለዜና የሚመች ባላንጣ አገር ስለሌለው ተገቢውን ትኩረት አያገኝም።

አንድ የስልክ መተግበሪያ ሲጫን፣ የሠራው ኩባንያ የጻፈው ኮድ ብቻ አይደለም የሚጫነው። ማስታወቂያ የሚያቀርቡ፣ የተጠቃሚን እንቅስቃሴ የሚለኩ፣ ብልሽት የሚመዘግቡ፣ በሌሎች ድርጅቶች የተዘጋጁ የኮድ ጥቅሎች አብረው ይገባሉ። ብዙዎቹ የስልኩን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር፣ የስልኩን ዓይነት፣ የኔትወርክ አድራሻውን፣ ፈቃድ ካገኙም ስልኩ ያለበትን ቦታ ወደ ራሳቸው ሰርቨር ይልካሉ። ማስታወቂያ የሚታይበት ባዶ ቦታ ሲከፈት ደግሞ በሰከንድ ክፍልፋይ ጨረታ ይካሄዳል፤ የተጠቃሚው መግለጫ ለብዙ ተጫራቾች ይበተናል፤ ጨረታውን የተሸነፉትም መግለጫውን አይተውታል። ከዚህ ፍሰት የሚቀዱ የመረጃ ደላሎች የቦታ መረጃን በጅምላ ይሸጣሉ። ስም አልተጻፈበትም ይላሉ፤ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት በአንድ ቤት፣ ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚገኝ ስልክ የማን እንደሆነ ለማወቅ ስም አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ገዢው ማንም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2018 ፖሊስ የአንድን ሰው የቆየ የስልክ ቦታ መረጃ ከቴሌኮም ኩባንያ ለመውሰድ በመርሕ ደረጃ ማዘዣ እንደሚያስፈልገው ወሰነ፤ በ2023 ይፋ የተደረገ የአሜሪካ ብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተር ቢሮ ሪፖርት ግን የስለላ ተቋማቱ ተመሳሳይ ጥልቀት ያለው መረጃ ከገበያ በገንዘብ እንደሚገዙ አመነ። ያው ገበያ ለውጭ መንግሥታትም ክፍት ነበር። አሜሪካ የመረጃ ደላሎች የዜጎቿን ጥብቅ መረጃ ለቻይና፣ ለሩሲያ፣ ለኢራንና ለሰሜን ኮሪያ እንዳይሸጡ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ2024 ነው፤ ቲክቶክ ይሸጥ ወይም ይታገድ ከሚለው ሕግ ጋር በአንድ ጥቅል ፀደቀ። ስለ ቲክቶኩ ዓለም ሁሉ ሰማ። ስለ ሌላው ሕግ የሰማ ስንቱ ነው?

ግራይንደር የተባለው የመተዋወቂያ መተግበሪያ ሁለቱን ችግሮች በአንድ ላይ ያሳያል። አብላጫ ድርሻውን በ2016 የቻይናው ኩንሉን ገዛው፤ የአሜሪካ መንግሥት ለብሔራዊ ደኅንነት ያሰጋል ብሎ ስላስገደደውም በ2020 ለአሜሪካውያን ባለሀብቶች ተሸጠ። የዜግነቱ ጉዳይ በዚህ ተዘጋ። የኖርዌይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ግን በ2021 ኩባንያውን 65 ሚሊዮን ክሮነር ቀጣው፤ የተጠቃሚዎችን መረጃ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አጋርቷል በሚል። ባለቤቱ ከየትም ቢሆን የማስታወቂያው ቧንቧ ክፍት ከሆነ መረጃው ይፈስሳል።

ዝርፊያውንም እንጨምርበት። ኢኪፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር ታሪክ ድርጅት በ2017 ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጥቷል፤ አብዛኞቹ የዚህ ድርጅት ደንበኛ ለመሆን መርጠው አያውቁም። በ2020 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አራት የቻይና ጦር አባላትን በዚህ ከሰሰ። የአገር ውስጥ ድርጅት ያልተዘመነ ሶፍትዌር ይዞ ከተቀመጠ፣ የውጭ መንግሥት መተግበሪያ መሥራትም ሕግ ማውጣትም አያስፈልገውም ማለት ነው። ዜግነትም ቢሆን ቋሚ አይደለም፤ ኩባንያ ይሸጣል፣ ይከስራል። የዘር መረጃ የሚመረምረው ቱዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በ2025 ለኪሳራ ጥበቃ ሲያመለክት፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች ምራቃቸውን የላኩለት ድርጅት ነገ የማን እንደሚሆን አያውቁም ነበር።

መረጃ በአገር ውስጥ ብቻ ይቀመጥ የሚሉትን ሕጎች በተመለከተ ብዙ አልልም። ሩሲያ ከ2015 ጀምሮ ይህን ግዴታ ጥላለች፤ አልታዘዝም ያለው ሊንክድኢን በ2016 ታገደ። እንዲህ ያለው ሕግ የአገሩ መንግሥት መረጃውን በቀላሉ እንዲያገኘው ይረዳ እንደሆነ እንጂ፣ ለተጠቃሚው ብቻውን የሚጨምርለት ደኅንነት አይታየኝም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ልመለስ። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ የመልእክት መላላኪያንና የሰነድ ማስቀመጫን፣ በአንድ ውሳኔ ጠቅልላችኋል፤ ለየብቻ ተመልከቷቸው። ለመልእክቱ ዋናው መለኪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ፣ ማለትም መልእክቱን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ኩባንያው ራሱም እንዳያነበው የሚያደርግ ዘዴ መኖሩና ስለ ሜታዳታ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ ተነጋገረ ስለሚለው፣ ምን ያህል እንደሚመዘገብ ነው። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ በ2016 ከአሜሪካ ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰው ስለተጠየቀው አካውንት ሊያቀርብ የቻለው የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። አሜሪካዊ ድርጅት ነው፣ በአሜሪካ ሕግ ይገዛል፣ ትእዛዙንም አክብሯል፤ ያልሰበሰበውን ግን ማንም ሊያስረክበው አይችልም። ዋትሳፕም መልእክቶችን ከ2016 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ይመሰጥራል፤ ሆኖም ወደ ክላውድ (በበይነ መረብ ወዳለ ማስቀመጫ) የሚላከው መጠባበቂያ ቅጂ በራሱ አይመሰጠርም፤ ምስጠራውን ተጠቃሚው ራሱ ከቅንብሩ ውስጥ ማብራት አለበት። የአገር ውስጡ መተግበሪያ ይህን ምስጠራ ካላቀረበ፣ ለዛሬው ሥራችሁ አይመጥንም፤ ካቀረበና ኮዱን ገለልተኛ ባለሙያዎች ከመረመሩት ግን ባዕድ አይደለም ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ ካልተመረመረ ደግሞ የእኛ ነው ተብሎ ብቻ ሊታመን አይገባም።

ሰነዶቹን በሦስት ክፈሏቸው። ቢወጡ የማይጎዱትን ርካሽና አስተማማኝ በሆነው አገልግሎት አስቀምጡ፤ ከየትም ይሁን። የሠራተኞችና የደንበኞች ግላዊ መረጃ የያዙትን ልትከሱት በምትችሉት፣ የምርመራ ሪፖርት ሊያሳያችሁ በሚፈቅድ ድርጅት ዘንድ አኑሩ፤ እዚህ ላይ የአገር ውስጥ ወይም ጠንካራ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ባለበት አገር ያለ ኩባንያ ብልጫ አለው። ከማንም ልትደብቁት የሚገባውን ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ መስጥሩት፤ ቁልፉም እናንተ ዘንድ ይቅር። ከማንኛቸውም ጋር ስትዋዋሉ፣ ባለቤትነቱ ሲለወጥ ወይም መረጃውን የሚያስተናግደውን የክላውድ ድርጅት ሲቀይር አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቃችሁ፣ ውሉ ሲያበቃም መረጃውን አጥፍቶ ማጥፋቱን እንዲያረጋግጥላችሁ በውሉ አስገቡ። ይህን አንቀጽ አልቀበልም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ከየት አገር እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።